ዝሆንን በዱር የት እንይ? "መጠለያ" የሚባለውንስ በምን እንለየው?

ዝሆን ማየት የፈለገ ሰው መጀመሪያ ውሃውን ይፈልግ። አንድ ትልቅ የአፍሪካ ዝሆን በቀን እስከ 150 ኪሎ የሚደርስ ሣር፣ ቅጠልና የዛፍ ቅርፊት ይበላል። ውሃም ከ100 ሊትር በላይ ይጠጣል። ይህን ያህል የሚበላና የሚጠጣ እንስሳ አንድ ቦታ አይቀመጥም። ዝናብ ሲዘንብ በየኩሬው ውሃ ስለሚያገኝ መንጋው ይበተናል፣ ሣሩም ይረዝማል፣ ቁመቱ ከሦስት ሜትር የሚያልፈው እንስሳ ከመንገዱ ዳር ቆሞ እንኳ ላታዩት ትችላላችሁ። በጋ ሲገባ ኩሬው ይደርቃል፣ ሣሩ ይረግፋል፣ መንጋዎቹም ወደማይደርቀው ወንዝና ረግረግ ይሰበሰባሉ። "ያን ሁሉ መንገድ ሄደን አንድም ዝሆን ሳናይ ተመለስን" የሚሉ ሰዎች አብዛኞቹ ወቅቱን ሳያጣሩ የሄዱ ናቸው።

ይህ ነገር በተለይ ከውጭ ለሚመጣው ወገናችን ይጠቅማል። ልጆች ትምህርት የሚዘጋላቸው በሐምሌና ነሐሴ ስለሆነ ከአሜሪካም ከአውሮፓም ቤተሰብ ይዞ የሚመጣው ሰው የሚበዛው በክረምታችን ነው። ያኔ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ መንገድ ጭቃ ነው፣ ሣሩም ሰው ይውጣል። ኬንያ፣ ታንዛኒያና ቦትስዋና ግን ከሰኔ እስከ ጥቅምት ደረቅ ናቸው። በክረምት የምትመጡ ከሆነ ዝሆኑን ወደ ደቡብ ተሻግራችሁ እዩት። ለገና ወይም ለጥምቀት የምትመጡ ከሆነ ደግሞ ሀገር ውስጥ ሞክሩ።

አንድ ነገር ቶሎ ላስቀድም። ዓለም ላይ ያለው ዝሆን ሦስት ዓይነት ነው፤ የአፍሪካ የሣር ምድር ዝሆን፣ የአፍሪካ የደን ዝሆን እና የእስያ ዝሆን። የአፍሪካው ጆሮው ሰፊ ነው፣ ወንዱም ሴቷም ጥርስ ያበቅላሉ። የእስያው ጆሮው አነስ ይላል፣ ረጅም ጥርስ የሚያወጣውም ወንዱ ብቻ ነው፣ እሱም ሁሉም አይደለም። ሦስቱም የመጥፋት አደጋ ላይ ናቸው። የደን ዝሆኑ ከሁሉም የከፋ ሁኔታ ላይ እንዳለ እ.ኤ.አ. በ2021 የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት አስታውቋል። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከሀገራችን እንጀምር

ኢትዮጵያ ውስጥ በዱር ዝሆን የማየት የተሻለ ዕድል ያለው ጨበራ ጩርጩራ ብሔራዊ ፓርክ ነው። በዳውሮና በኮንታ መካከል የሚገኝ፣ በ2005 የተቋቋመ፣ ወደ 1,200 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ፓርክ ነው። ከአዲስ አበባ በጅማ በኩል ይኬዳል። ድሮ ለጎብኚ ማደሪያ የሌለው፣ ድንኳን ይዞ የሚገባበት ቦታ ነበር። አሁን በኮይሻ የቱሪዝም ፕሮጀክት ሥር በአካባቢው ሎጆች ተሠርተዋል፤ ዳውሮ ላይ ሃላላ ኬላ አለ፣ በኮንታ በኩል ደግሞ የዝሆን ዳና ሎጅ።

ጨበራ ጩርጩራ እንደ ኬንያ ሜዳ አይደለም። ኮረብታ፣ ወንዝ፣ የወንዝ ዳር ደን፣ ከዚያ ደግሞ ረጅም ሣር ነው። መኪና ላይ ተቀምጣችሁ እንደልብ የምታዩበት አድርጋችሁ እንዳትገምቱ። ከፓርኩ ስካውት ጋር በእግር መሄድ ይኖራል። ዝሆኑን ከማየታችሁ በፊት የምታዩት የዝሆኑን ሥራ ነው፦ ገና ትኩስ ፋንድያ፣ የተገነጠለ ቅርንጫፍ፣ ጭቃ ላይ የቀረ ሰፊ ዱካ። ስካውቱ ዱካውን አይቶ "ዛሬ ጠዋት ነው ያለፉት" ወይም "የትላንት ነው" ይላችኋል። ሰዎቹ ይህን የሚያውቁት እዚያው ተወልደው ስላደጉ ነው፣ እና ለእኔ የጉዞው ትልቁ ሀብት ይሄ እውቀት ነው። ከዝሆን ሌላ ጎሽ በብዛት አለ፣ ጉማሬም አንበሳም አለ። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ሂዱ፣ ማለዳና አመሻሽ ላይ ውጡ፣ ቀኑን አሳርፉት።

ባቢሌስ? ይሄ ጥያቄ ሁልጊዜ ይመጣል፣ ምክንያቱም ስሙን ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። የባቢሌ ዝሆኖች መጠለያ በ1970 ለዝሆን ተብሎ የተከለለ፣ ወደ 7,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ፣ ከሐረር ደቡብ በኦሮሚያና በሶማሌ ክልል መካከል የተዘረጋ ቦታ ነው። አጥር የለውም። ዝሆኖቹ ከሌላው የአፍሪካ ዝሆን ተነጥለው በኤረርና በጎበሌ ሸለቆዎች የቀሩ ናቸው። በለስ ይወዳሉ፣ ከነእሾሁ ይበሉታል፣ በበለስ ጫካ ውስጥም ይሸሸጋሉ።

ችግሩ መሬቱ ነው። መጠለያው ውስጥ ሰው ሰፍሯል፣ እርሻ ተስፋፍቷል፣ ዛፍ ለማገዶና ለከሰል ይቆረጣል። ዝሆኑ በቆሎና ማሽላ ውስጥ ሲገባ ገበሬው የዓመት ቀለቡን በአንድ ሌሊት ያጣል። ገበሬው ላይ መፍረድ አይቻልም። ዝሆኑ ላይም መፍረድ አይቻልም፣ በአያቶቹ መንገድ ነው የሚሄደው። በዚህ ግጭት ያደገ ዝሆን ሰው ሲያሸተው ወይ ይሸሻል ወይ ይነሣል። ስለዚህ ባቢሌ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝሆን ለሚያይ ቤተሰብ፣ በተለይ ልጆች ለያዘ፣ አልመክርም። የዱር እንስሳ ነገር የሚገባው፣ ታግሶ ሁለት ሦስት ቀን ሊሰጥ የሚችል ሰው ግን ሐረር ላይ አርፎ፣ ከመጠለያው ስካውት ጋር ይግባ። ያለ ስካውት ፈጽሞ አይገባም።

ማጎ ብሔራዊ ፓርክም ዝሆን አለው፣ ግን ብዙ ተጎድቷል። በ2020 በአንድ ቀን ብቻ ስምንት ዝሆኖች ማጎ ውስጥ ለጥርሳቸው ተገድለዋል። ይህን ቁጥር ባነበብኩ ቁጥር ያመኛል፣ ምክንያቱም ሀገሪቱ ውስጥ የቀረው ዝሆን በሺዎች እንኳ በደንብ የሚቆጠር አይደለም። በሰሜን በተከዜ ዳር ያለው ቃፍታ ሽራሮም ወደ ኤርትራ እየተሻገሩ የሚመለሱ ዝሆኖች ያሉበት ነው፣ ለጉብኝት ግን ሰላሙ በደንብ እስኪረጋ ይቆይ። በአጠቃላይ የትኛውም ፓርክ ከመሄዳችሁ በፊት ለፓርኩ ጽሕፈት ቤት ደውላችሁ መንገዱንና ጸጥታውን ጠይቁ። አዲስ አበባ ያለ አስጎብኚ ድርጅት "ችግር የለም" ስላለ ብቻ አትነሡ።

ሁለት ሰዓት በረራ

ከአዲስ አበባ ናይሮቢ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፣ ዝሆን በእርግጠኝነት ማየት የሚፈልግ ሰው ገንዘቡን እዚህ ቢያወጣ አይቆጭም። ኬንያ በ2021 ባደረገችው ሀገር አቀፍ ቆጠራ 36,280 ዝሆኖች ተገኝተዋል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ አምቦሴሊ ሂዱ። ፓርኩ ትንሽ ነው፣ 392 ካሬ ኪሎ ሜትር። ሜዳው ደረቅና አቧራማ ነው፣ መሃሉ ላይ ግን ዓመቱን ሙሉ የማይደርቅ አረንጓዴ ረግረግ አለ። ውሃው ከኪሊማንጃሮ ተራራ ወርዶ በምድር ውስጥ ተጉዞ እዚህ ይፈልቃል። ዝሆኖቹ ማለዳ ከሜዳው ተነሥተው በሰልፍ ወደ ረግረጉ ይወርዳሉ፣ ግማሽ ሰውነታቸው ውሃ ውስጥ ገብቶ ሲበሉ ይውላሉ፣ ሲመሽ ይመለሳሉ። ስለዚህ መንገዳቸው ይታወቃል፣ መኪናችሁን አቁማችሁ መጠበቅ ብቻ ነው። ተራራው ግን ቀን ላይ በደመና ስለሚሸፈን ከነኪሊማንጃሮው ፎቶ የምትፈልጉ ገና ሲነጋ ውጡ።

አምቦሴሊን ልዩ የሚያደርገው ሌላም ነገር አለ። ሲንቲያ ሞስ የምትባል ተመራማሪ ከ1972 ጀምሮ ከባልደረቦቿ ጋር የእነዚህን ዝሆኖች ቤተሰብ በስም፣ በጆሮ ቅርጽ፣ በእናትና በአያት እየመዘገበች ቆይታለች። ዛሬ ስለ ዝሆን ቤተሰብ ከምናውቀው ብዙው የመጣው ከዚያ ነው፦ መንጋውን የምትመራው አሮጊቷ ሴት መሆኗ፣ ድርቅ ሲመጣ ሩቅ ያለውን ውሃ የምታስታውሰው እሷ መሆኗ፣ ወንዶቹ ሲጎረምሱ ከቤተሰቡ መለየታቸው። ትውልድ በትውልድ መኪናና ሰው እያዩ ስላደጉ አይደነግጡም። እናት ግልገሏን ስታጠባ በቅርብ ማየት ይቻላል። ግልገል ብርቅ ነው፣ እርግዝናው ወደ 22 ወር ይፈጃል።

ጻቮ ሌላ ነገር ነው። ምሥራቅና ምዕራብ ጻቮ ተደምረው ከ20,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ናቸው፣ ከኬንያ ዝሆኖች ወደ 15,000 የሚጠጋው በጻቮና በዙሪያው ነው። አፈሩ ቀይ ስለሆነና ዝሆን አቧራ ገላው ላይ መበተን ስለሚወድ ዝሆኖቹ ቀይ ሆነው ታገኟቸዋላችሁ። ኪሳችሁ ለሳፋሪ ካልበቃ ደግሞ ከናይሮቢ ሞምባሳ የሚሄደው ባቡር ጻቮን መሃል ለመሃል ያቋርጣል። በመስኮት ዝሆን ያየ መንገደኛ ብዙ ነው። ሐዲዱ ከፍ ባለ ቦታ ላይ ስለተሠራ እንስሳት ከሥሩ የሚያልፉበት መተላለፊያ ተትቶላቸዋል። በመንገዱ ላይ ባለችው ቮይ ከተማ ወርዶ ማደርም ይቻላል። በሰሜን ኬንያ ያለው ሳምቡሩም ድንቅ ነው፣ ዝሆኖቹ የኤዋሶ ንጊሮን ወንዝ ተከትለው ነው የሚኖሩት።

ናይሮቢ ላይ አንድ ሰዓት ብቻ ካላችሁ ደግሞ የሼልድሪክ የዱር እንስሳት ድርጅት አለ። ዳፍኒ ሼልድሪክ በሟች ባሏ መታሰቢያነት በ1977 ያቋቋመችው ነው። እናታቸው የተገደለችባቸውን፣ ጉድጓድ ውስጥ የወደቁትን፣ በድርቅ ብቻቸውን የቀሩትን ግልገሎች አንሥቶ ያሳድጋል። ነገሩ ሲያዩት ቀላል ይመስላል፣ ጡጦና ወተት። ግን ግልገል ዝሆን የላም ወተት ስለማይስማማው ብዙዎች ይሞቱ ነበር። ዳፍኒ ከብዙ ዓመት ሙከራ በኋላ በኮኮናት ዘይት የተቀመመ ወተት አግኝታ ነው ሊተርፉ የቻሉት። ወተቱ ብቻም አይበቃም። ዝሆን ቤተሰቡን ሲያጣ በኀዘን ይታመማል፣ ስለዚህ ጠባቂዎቹ ሌሊት ከግልገሉ ጋር በአንድ በረት ያድራሉ፣ ግልገሉ አንድ ሰው ላይ ብቻ እንዳይጣበቅም ይፈራረቃሉ። ሦስት ዓመት ገደማ ሲሞላቸው ወደ ጻቮ ይዛወራሉ፣ እዚያ ከዱር ዝሆኖች ጋር ቀስ በቀስ ይላመዳሉ። ሲፈልጉ ጫካ ያድራሉ፣ ሲፈልጉ ይመለሳሉ፣ አንድ ቀን በቃ አይመለሱም። ከዚያ ከዓመታት በኋላ የራሳቸውን ግልገል ይዘው ጠባቂዎቻቸውን ሊያሳዩ የሚመጡ አሉ።

ጎብኚ የሚገባው በቀን አንድ ሰዓት ነው፣ ከረፋዱ አምስት እስከ ስድስት ሰዓት በእኛ አቆጣጠር። ገመድ ወዲህ ቆማችሁ ጡጦ ሲጠጡና ጭቃ ላይ ሲንከባለሉ ታያላችሁ። ቦታ አስቀድሞ ማስያዝ ግድ ነው። በሰሜንም ሬቴቲ የሚባል አለ፣ በ2016 የተከፈተ፣ የሳምቡሩ ማኅበረሰብ ራሱ የሚያስተዳድረው፣ የአካባቢው ሰው ግልገሎቹን በፍየል ወተት የሚያሳድግበት። ባቢሌ ላይም ዝሆኑ ለአካባቢው ሰው እንጀራ የሚሆንበት እንዲህ ያለ ነገር ቢኖር እላለሁ።

ከኬንያ ወዲያ በአጭሩ፦ ታንዛኒያ ታራንጊሬ፣ በደረቁ ወቅት ወንዙ ዳር መንጋ በመንጋ ላይ ይሆናል። ቦትስዋና ከዓለም ብዙ ዝሆን ያላት ሀገር ናት፣ ወደ 130,000፣ ቾቤ ወንዝ ላይ ጀልባ ተከራይታችሁ ሲዋኙ ታዩአቸዋላችሁ። ደቡብ አፍሪካ አዶ ፓርክ በ1931 ሲቋቋም 11 ዝሆን ብቻ ነበር የቀረው፣ አሁን ከ600 በላይ ነው፣ የራሳችሁን መኪና እየነዳችሁ መግባት ይቻላል። የደን ዝሆን ለሚፈልግ በመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ያለው የጻንጋ ባይ ሜዳ አለ፣ ግን ረጅምና ውድ ጉዞ ነው።

"መጠለያ" ሲባል

አሁን ወደሚያሳስበኝ ጉዳይ ልምጣ። ለሕክምናም ለንግድም ባንኮክ የሚመላለስ ሰው ብዙ ነው። እዚያ ደርሶ ዝሆን ላይ የተነሣውን ፎቶ ቲክቶክ ላይ ይለጥፋል። ልጆቹም ያን አይተው ያምራቸዋል። ግን ከፎቶው በስተኋላ ያለውን ነገር ብናውቅ የምንከፍል አይመስለኝም።

ታይላንድ በ1989 የደን ግንድ መቁረጥን ከለከለች። ግንድ ሲጎትቱ የኖሩት ዝሆኖችና ባለቤቶቻቸው ሥራ ፈቱ፣ ብዙዎቹ ወደ ቱሪዝም ገቡ። ዝሆን እንደ ፈረስ ወይም በሬ ለብዙ ሺህ ዓመት ተመርጦ የተገራ እንስሳ አይደለም። ሰው እንዲሸከም፣ እንዲሥል፣ ኳስ እንዲመታ ለማድረግ ገና ግልገል ሳለ ከእናቱ ይለያል፣ ይታሠራል፣ መንፈሱ እስኪሰበር ይመታል። ካደገ በኋላም ጫፉ ሹል ብረት የሆነ ቆልማማ ዱላ አብሮት አይጠፋም። ወርልድ አኒማል ፕሮቴክሽን የተባለው ድርጅት በ2017 ባወጣው ጥናት በእስያ በቱሪዝም ላይ ያሉ ወደ 3,000 ዝሆኖችን አይቶ ከአራቱ ሦስቱ በመጥፎ ሁኔታ እንደሚኖሩ ጽፏል።

መጋለብ ስሙ ሲጠፋ ብዙ ቦታዎች ታፔላ ቀየሩ። አሁን "መጠለያ" ይላሉ፣ "ዝሆን እናጥባለን" ይላሉ። ዝሆን በሰው መታጠብ አያስፈልገውም። በቀን አሥር ጊዜ ከማያውቀው ሰው ጋር ውሃ ውስጥ የሚገባው ወዶ አይደለም፣ አጠገቡ የሚያስፈራው ሰው ስላለ ነው። ለሰውም አደገኛ ነው፤ በጃንዋሪ 2025 ታይላንድ ውስጥ ዝሆን ስታጥብ የነበረች ወጣት ስፔናዊት በዚያው ዝሆን ተወግታ ሞታለች።

እንግዲህ እንዴት እንለይ? ቦታ ከመያዛችሁ በፊት ጠይቋቸው፦ ዝሆኑ መሄድ ሲፈልግ ይሄዳል ወይ? እኛ በመጣንበት ሰዓት ባይመጣስ? መልሱ "ግዴለም፣ ሁልጊዜ ይመጣል" ከሆነ ተዉት። ሌሊት በሰንሰለት ይታሠራሉ ወይ? ግልገል የምታሳዩን ከሆነ እናቱ የት አለች? እዚያው ካስወለዳችሁት፣ ሲያድግ የት ይሄዳል? ጥሩ ቦታ እነዚህን ጥያቄዎች ሲሰማ ደስ ይለዋል፣ ለረጅም ጊዜ ያብራራላችኋል። የሚጋለብበት፣ የሚታጠብበት ወይም ትርዒት ያለበት ከሆነ ግን ጥያቄም አያስፈልግም፣ አትሂዱ።

በቺያንግ ማይ አጠገብ ያለው ኤሌፋንት ኔቸር ፓርክ ከግንድ ሥራና ከትርዒት የወጡ ዝሆኖችን ሰብስቦ ያኖራል፣ አይጋለብም። እዚያው ታይላንድ ውስጥ የዱር ዝሆን ማየት የፈለገ ደግሞ ኩዪ ቡሪ ብሔራዊ ፓርክ አመሻሽ ላይ ከጠባቂዎች ጋር ይሂድ። ስሪላንካ ሚኔሪያ ላይ በነሐሴና በመስከረም ውሃው ሲጎድል በመቶዎች የሚቆጠሩ ዝሆኖች አንድ ሐይቅ ዳር ይሰበሰባሉ። ኡዳዋላዌ ላይ ያለው የግልገሎች ማሳደጊያም ከሩቅ መመገቢያ ሰዓታቸውን ብቻ ነው የሚያሳየው፣ መጨረሻቸው ወደ ዱር መመለስ ስለሆነ።

አሜሪካ ላላችሁ፦ ቴነሲ ሆሄንዋልድ ውስጥ ከ1995 ጀምሮ ከሰርከስና ከመካነ አራዊት የወጡ ዝሆኖች የሚያርፉበት ሰፊ መጠለያ አለ። ጎብኚ ግን አይገባም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲታዩ የኖሩ እንስሳት ከእንግዲህ ሰው አይመልከታቸው ብለው ነው። በኢንተርኔት ካሜራ ማየት ይቻላል፣ ከተማው ውስጥ ደግሞ ስለ ዝሆን የሚያስተምር ማዕከል አላቸው። ልጆቻችሁን ወደ መካነ አራዊት ከመውሰዳችሁ በፊት አንድ ቅዳሜ ካሜራውን ከፍታችሁ አብራችሁ ተመልከቱ።

ከመነሣታችሁ በፊት

ዱር ውስጥ ሳላችሁ ዝሆኑ ርቀቱን ይወስን። ጆሮውን ዘርግቶ ራሱን ካነቃነቀ "በቃ፣ አትጠጉ" ማለቱ ነው፣ ቀስ ብላችሁ ወደኋላ ተመለሱ። በዓይኑና በጆሮው መካከል ጥቁር ፈሳሽ የሚወርድለት ወንድ ካያችሁ የመራቢያ ጊዜው ላይ ነው፣ ያኔ ቁጡ ስለሆነ መንገዱን ልቀቁለት። በእናትና በግልገል መካከል አትግቡ። መኪና ውስጥ ከሆናችሁ ሞተሩን አጥፍታችሁ ዝም በሉ፣ በእግር ከሆናችሁ ስካውቱ ያላችሁን ብቻ አድርጉ። ድምቀት ያለው ልብስና ሽቶ ሆቴል ይቅር።

ከጥርሱ የተሠራ አምባርም ሆነ መስቀል ማንም ቢያቀርብላችሁ አትግዙ። ኢትዮጵያ በ2015 የተያዘ 6.1 ቶን የዝሆን ጥርስ አዲስ አበባ ላይ አቃጥላለች፣ ይዞ መገኘትም ያስቀጣል።

ለጨበራ ጩርጩራ ቢያንስ ሦስት ሌሊት ያዙ። የመጀመሪያው ቀን በመንገድ ያልቃል፣ ሁለተኛው ዱካ በመከተል ሊያልፍ ይችላል፣ ዝሆኑን ብዙ ጊዜ የምታገኙት በሦስተኛው ማለዳ ነው። ቢኖኩላር ያዙ። የስካውቱን አበል በሕጋዊ ደረሰኝ ክፈሉ፣ በላዩም ጉርሻ ጨምሩለት፤ ዝናብም ፀሐይም ሳይል እነዚያን ዝሆኖች የሚጠብቀው እሱ ነው።